ተጥለው የተለመኑ አብራሪዎች

ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ ተዋጊ ጀት አስመራ ላይ ተመትቶ ወደቀ። አብራሪው በፓራሹት ወርደው ተማረኩ። ስማቸው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ይባላል። በሻዕቢያ እጅ ሲወድቁ ግን ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ከ14 ዓመት በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ በዚያው በኤርትራ ተመትተው ወድቀው በዚያው ድርጅት እጅ ዓመታትን በምርኮ አሳልፈዋል።

አንድ ሰው፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ ማራኪ። የተለወጠው ላኪው ብቻ ነው። መጀመሪያ የላካቸው ደርግ ነበር፤ ሁለተኛ የላካቸው ደርግን ገልብጦ አራት ኪሎ የገባው ኢሕአዴግ። እነዚህ ሁለት መንግሥታት በሰንደቅ ዓላማው ትርጉም አልተስማሙም፤ በታሪክ አልተስማሙም፤ በመሬት ላይ ለ17 ዓመት ተገዳድለዋል። በአንድ ነገር ግን ሳይወያዩ ተስማምተዋል፦ ችግር ሲመጣ የሚያበረው ያው ሰው ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይጀምራል። «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ከተበተነ ከ7 ዓመት በኋላ፣ አገር ስትወረር የደርግ ዘመን አብራሪ ለምን ተፈለገ? መልሱ አጭር ነው። በቦታው የተተካ በቂ ሰው ስላልነበረ። የተበተነውንም በሥርዓት የያዘ፣ ስሙንና አድራሻውን የመዘገበ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ጠርቶ የሚያስበርረው ተቋም ስላልነበረ። በአንድ ቃል፣ ኢትዮጵያ ተጠባባቂ የበረራ ጓድ ስላልነበራት።

🔹 ተጠባባቂ ማለት የተጣለ ማለት አይደለም

በኢትዮጵያ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ክብር አጥቷል። ኳስ ሜዳ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠውን፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ ያልተሰጠውን ያስታውሳል። በአየር ኃይል ቋንቋ ግን ተጠባባቂ ስኳድሮን ማለት ሌላ ነገር ነው። አባላቱ በሳምንቱ ቀናት ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መምህር፣ የአየር መንገድ አብራሪ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ የበረራ ልብሳቸውን ለብሰው ከአውሮፕላናቸው ጋር ይገናኛሉ። በዓመት ለሁለት ሳምንት ያህል ካምፕ ገብተው እንደ መደበኛ ጦር ይሠለጥናሉ። የጤና ምርመራቸው፣ የበረራ ሰዓታቸው፣ የጦር መሣሪያ ልምምዳቸው ይመዘገባል። ጦርነት ሲመጣ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ማልደው ይገኛሉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ አብራሪ እንደ ጠመንጃ በመጋዘን ዘይት ተቀብቶ የሚቀመጥ ስላልሆነ ነው። ጀት የሚያበር ሰው ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። ያንን ሰው ከበረራ ማራቅ ግን አንድ ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። ከተራቀ በኋላ እጁ ይረሳል፣ ዓይኑ ይዘገያል፣ የመሣሪያው ዓይነት ይለወጥበታል። ከአብራሪው ጀርባ ደግሞ ማንም ስሙን የማይጠራቸው አሉ፦ የሞተር ቴክኒሽያኑ፣ ቦምብ ጫኙ፣ የራዳር ተቆጣጣሪው፣ የአየር ጠባይ ተንባዩ፣ ፓራሹት አጣጣፊው። አንድ ስኳድሮን ማለት የእነዚህ ሁሉ መተዋወቅ ነው። ይህ መተዋወቅ ከተበተነ በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

🔹 ጠበቃና ገበሬ

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዷ እንግሊዝ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብ አልነበራትም፤ ሕዝቡም ጦርነት ሰልችቶታል። ትልቅ መደበኛ አየር ኃይል ማቆም የማይታሰብ ነበር። እናም እ.ኤ.አ. በ1924 ሕግ አወጣች፤ በ1925 የመጀመሪያዎቹ ተጠባባቂ ስኳድሮኖች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ስኳድሮን የአንድ ከተማ ወይም አካባቢ ስም ተሰጠው፦ 602ኛው የግላስጎው፣ 603ኛው የኤዲንብራ፣ 601ኛው የለንደን። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሰው ከከተማው ስም ጋር የታሰረ ጓድ ውስጥ ሲገባ ወታደርነቱ ከጎረቤቱ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር አይጣላም።

መጀመሪያ ላይ መደበኛዎቹ ሳቁባቸው። «የቅዳሜና እሑድ አብራሪዎች» አሏቸው። 601ኛው የሀብታም ልጆች ስለበዙበት «የሚሊየነሮቹ ስኳድሮን» ተባለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1933 በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በኤቨረስት ተራራ አናት ላይ የበረሩት ሁለቱ ዋና አብራሪዎች የ602ኛው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ጥቅምት 16 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. መጣ። የጀርመን ቦምብ ጣዮች በኤዲንብራ አቅራቢያ ያሉትን የጦር መርከቦች ሊመቱ መጡ። በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተዋጊ አውሮፕላን የመጀመሪያዎቹን የጀርመን አውሮፕላኖች የጣሉት መደበኛዎቹ አልነበሩም፤ 602ኛውና 603ኛው ናቸው። ከእነዚያ አብራሪዎች መካከል ፓትሪክ ጊፎርድ በሙያው ጠበቃ፣ ጆርጅ ፒንከርተን ደግሞ ገበሬ ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ለሕልውናዋ በሰማይ ስትፋለም 14 ተጠባባቂ ስኳድሮኖች ከመደበኛዎቹ ጎን ተሰልፈው ተዋጉ። ድሃ በነበረችበት ዘመን፣ ጦርነት ሳይኖር፣ ትርፍ ነው የተባለው ነገር አገር አተረፈ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1957 እነዚያን ስኳድሮኖች ራሷ እንግሊዝ ከበረራ አሰናብታለች። ጀቱ ረቆ፣ ወጪው ንሮ፣ የሚሳይል ዘመን መጥቷል ተብሎ ነበር። ያም ውሳኔ ተተችቷል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሲሰናበቱ «የቀድሞው መንግሥት ቅሪት» ተብለው አልተሰናበቱም። ማንም ካምፕ አልታጎረም። ማንም በረንዳ ላይ አልተጣለም። የስኳድሮኑ ስምና ታሪክ ተጠብቆ ቆየ፤ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ በሌላ የተጠባባቂነት ሥራ በዚያው ስም እንደገና ተቋቋሙ።

አሜሪካም ከስህተቷ ነው የተማረችው። የኮሪያ ጦርነት ሲነሳ የተጠሩት የአየር ብሔራዊ ዘብ ስኳድሮኖች ያረጀ አውሮፕላንና ያልተሟላ ሥልጠና ይዘው ነው የተገኙት፤ ጥሪው ትርምስ ነበር። ከዚያ በኋላ ተጠባባቂው እንደ መደበኛው እንዲታጠቅና እንዲፈተን ተደረገ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ከዋሽንግተን ዳርቻ ሚሳይል እንኳ ሳይጫንላቸው፣ የተጠለፈውን አውሮፕላን በራሳቸው ጀት ገጭተው ለመጣል የተነሱት ሁለት የኤፍ-16 አብራሪዎች የዚሁ የብሔራዊ ዘብ አባላት ነበሩ።

🔹 እያንዳንዱ መንግሥት በረገመው መንግሥት ልጆች ተረፈ

አሁን ወደ ደብረ ዘይት።

በኢትዮጵያ የወታደራዊ በረራ ታሪክ የጀመረው በ1921 ዓ.ም. ሲሆን ከአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ጣሊያን በ1928 ሲመጣ አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ መትረየስ እንኳ አልነበራቸውም። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በእነዚያ አውሮፕላኖች መልእክት እያመላለሰ ተንከራተተ። ከነጻነት በኋላም ኢትዮጵያውያንን ሊያሠለጥን ተመልሶ መጣ። በ1938 ደግሞ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጥቶ ለ10 ዓመት ያህል የአየር ኃይሉን ግንባታ መራ። ከዚያ አሜሪካኖች ተተኩ። የንጉሡ መንግሥት ሲወድቅ አየር ኃይሉ አሜሪካ ሄዶ የሠለጠነ፣ በዲሲፕሊኑ የታወቀ አብራሪና ቴክኒሽያን ነበረው።

ደርግ እነዚህን ሰዎች በጥርጣሬ ነው የተመለከታቸው። «የንጉሡ ልጆች» ነበሩ፤ የተማሩትም በኢምፔሪያሊስት አገር ነው። ነገር ግን በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ ሲገባ ሰማዩን ማን ያዘ? ሶቪየቶች ገና አልመጡም፤ ኩባውያን ገና አልደረሱም። የሶማሊያን ሚጎች በኤፍ-5 ገጥመው የጣሉት እነዚያው በንጉሡ ዘመን የሠለጠኑ መኮንኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ በርካታ ሚጎችን ከጣሉ በኋላ በምድር ተኩስ ተመትተው ወደቁ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ማቀቁ። የተፈቱት በ1980 ነው። አብዮታዊው መንግሥት የተረፈው «አድኃሪ» ባለው ሥርዓት ልጆች ትከሻ ላይ ነበር።

ያ ውለታ ብዙ አልቆየም። ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በዚያው ዕለት ሕይወታቸው አለፈ። የቀድሞው አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ተይዘው በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሠራዊቱ አናቱን ተቆርጦ ነው የመጨረሻውን ጦርነት የተዋጋው።

ከዚያ ግንቦት 1983። ኢሕአዴግ ገባ። አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ይዘው ወደ ጅቡቲ የተሻገሩ ነበሩ። የቀረው ተያዘ፣ «ተሃድሶ» ተብሎ ካምፕ ገባ፣ ተበተነ። በጣት የሚቆጠር ባለሙያ ቀረ። የቀድሞ ወታደር በየከተማው ሸክም ሲሸከም፣ ዘበኛ ሲሆን፣ አንዳንዱም የደንብ ልብሱን እንደለበሰ እጁን ሲዘረጋ የዚያ ዘመን ትውልድ ሁሉ አይቷል። አገር ገንዘቧን አፍስሳ፣ ባሕር ማዶ ልካ፣ 10 እና 15 ዓመት ያስተማረችው ባለሙያ በአንድ ፊርማ «የደርግ ሰው» ሆነ።

ሰባት ዓመት አለፈ። ባድመ ተያዘች። ግንቦት 28 ቀን 1990 የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ አይደር ትምህርት ቤት ላይ የወደቀው ቦምብ ሕፃናትን ጨረሰ። የዚያን ጊዜ ነው «የደርግ ሰው» የሚለው ስም ተነሥቶ «ልምድ ያለው የአገር ልጅ» የሚለው የተተካው። ጥሪ ተደረገ። ሽበት ያወጡ መኮንኖችና ቴክኒሽያኖች ወደ ደብረ ዘይት ተመለሱ። ትናንት የተሰደቡበትን ሙያ ዛሬ ተለመኑበት። መጡም። አገር ናትና መጡ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። መንግሥት በ1991 ሱ-27 ጀቶችን ከሩሲያ በጥድፊያ ገዛ። የውጭ ባለሙያዎችም አብረው መጡ። በየካቲት 1991 በሱ-27 እና በኤርትራ ሚግ-29 መካከል የተደረገው ፍልሚያ ሲነሳ እስከ ዛሬ ኮክፒቱ ውስጥ የነበረው ማን ነው የሚል ክርክር አለ። አንድ አገር ድሏ ሲወራ «ያበረረው የአገር ልጅ ነው ወይስ ቅጥረኛ?» የሚል ጥያቄ ከተነሳባት፣ ያ ጥያቄ ራሱ የበተነችው ሰው ዋጋ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

🔹 ሦስት ክርክሮች

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚቃወም አይጠፋም። ተቃውሞዎቹም ሊናቁ አይገባም።

የመጀመሪያው ሐውዜን ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 የደርግ አውሮፕላኖች በገበያ ቀን ሐውዜንን ደበደቡ። ብዙ መቶ ሰው፣ በሌሎች ግምት ከዚያም እጅግ የበዛ ሰላማዊ ሕዝብ አለቀ። «ያንን ያደረጉ ሰዎች ተጠባባቂ ተብለው ደመወዝ ሊቆረጥላቸው ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የትግራይ ሰው ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልሱ ግን በጥያቄው ውስጥ አለ። ሐውዜንን የደበደበ አብራሪ ስም አለው፤ ያዘዘው አዛዥ ስም አለው፤ የበረራ መዝገብ አለ። ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በጅምላ መበተን ግን ወንጀለኛውን ከቴክኒሽያኑ፣ ገዳዩን ከአየር ጠባይ ተንባዩ ጋር አንድ ላይ ቀላቅሎ ለሁሉም እኩል ቅጣት ሰጠ። ለሟቾቹ ፍትሕ አልሆነም፤ ለሕያዋኑም ጥበቃ አልሆነም። እንዲያውም መቀሌ በተደበደበች ጊዜ ሰማይዋን ለመጠበቅ የተጠሩት ከእነዚያው የተበተኑት መካከል ናቸው። ከዚህ የከፋ ምፀት የለም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። «ድሃ አገር ተጠባባቂ ስኳድሮን ከየት ታመጣለች?» ይባላል። ድሃ አገር ናት በትክክል ተጠባባቂ የሚያስፈልጋት። ሀብታም አገር መደበኛ ጦሯን አብዝታ ትቀልባለች። ድሃዋ ግን በሰላም ጊዜ ሰውዬው በሌላ ሥራ ራሱን እንዲችል፣ በጦርነት ጊዜ ብቻ ወጪው በመንግሥት ላይ እንዲወድቅ ማድረግ ይሻላታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ያደረገችው ይህንኑ ነው። በሌላ በኩል በጥድፊያ የሚገዛ ጀት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው የውጭ ባለሙያ፣ እንደገና ከዜሮ የሚጀመር ሥልጠና ስንት እንደሚያስወጣ መንግሥት በ1991 አይቶታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሦስተኛው በአደባባይ የማይነገረው ግን እውነተኛው ነው፦ ፍርሃት። ገዥ አብራሪን ይፈራል። አብራሪ ከቤተ መንግሥት በላይ የሚበር ብቸኛው ዜጋ ነው። ተጠባባቂ አብራሪ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ እንጀራው በመንግሥት እጅ አይደለም፤ «እምቢ» ማለት ይችላል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የሆነው ለዚህ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። መንግሥት የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሊቀንስ ሲነሳ የ69ኛው ስኳድሮን ከ40 ተጠባባቂ አብራሪዎች 37ቱ ለአንድ ቀን ልምምድ አንገኝም አሉ። መንግሥቱ ደነገጠ። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በዚያው ዓመት ጥቅምት 7 ቀን ጥቃቱ ሲደርስ በተቃውሞው የነበሩት ተጠባባቂዎች ጥሪ ሳይጠብቁ ወደየጓዳቸው ተመለሱ። በዚያ ጦርነት ላይ ማንም ያሻውን አቋም ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን አንድ ነው፦ ለመንግሥት «እምቢ» ያለ ሰው ለአገር «እሺ» ሊል ይችላል። ይህን ልዩነት የማይረዳ ገዥ የተቃወመውን ሁሉ ይበትናል፤ ከዚያ በጨነቀው ቀን ያለቅሳል።

ኢራንም በዚህ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ክረምት በከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ሰበብ አብራሪዎቿን አሰረች፣ ገሚሱን ረሸነች። በመስከረም ኢራቅ ስትወርራት ፕሬዚዳንት ባኒሳድር ከእስር ቤት እያስፈቱ ወደ ጀት ላኳቸው። ታሪክ ይህን ትምህርት በብዙ ቋንቋ ጽፎታል። አዲስ አበባ ግን አላነበበችውም።

🔹 ለሦስተኛ ጊዜ

ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል ካለ ከጥቅምት 2013 በኋላ የሆነውን ያስታውስ። የሰሜን ዕዝ ከተጠቃ በኋላ በመላ አገሪቱ ያሉ የትግራይ ተወላጅ የሠራዊት አባላት ትጥቅ እንዲፈቱና ካምፕ እንዲገቡ መደረጋቸው በስፋት ተዘግቧል። ጥቃቱ እውነት ነበር፤ የመንግሥት ድንጋጤም መሠረት ነበረው። ነገር ግን ማጣሪያው ያደረገው ሳይሆን የተወለደበት ሲሆን፣ የ1983 ፊርማ በሌላ ቀለም ተደገመ ማለት ነው። «የደርግ ሰው» የሚለው ማኅተም ላይ ሌላ ስም ተቀረጸ።

የተጣለ ሰው ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይቀርም። በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ጻድቃን ገብረ ትንሣኤ በ1993 በፓርቲ ሽኩቻ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ከ20 ዓመት በኋላ የተገኙት በትግራይ ኃይሎች አመራር ውስጥ፣ ራሳቸው በገነቡት ሠራዊት ፊት ለፊት ነው። ትክክል ናቸው ወይም ተሳስተዋል የሚለው የሌላ ቀን ክርክር ነው። እዚህ የሚነሳው ነጥብ ቀላል ነው። አገር በተጠባባቂነት ያልያዘችውን ልምድ ሌላ ወገን በተጠባባቂነት ይይዘዋል። ኤርትራም አየር ኃይሏን ስታቋቁም ቀድሞ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ውስጥ የሠሩ ሰዎችን ተጠቅማለች። በታኅሣሥ 2007 አንድ ኤምአይ-35 ሄሊኮፕተር ከነበረራ ቡድኑ ወደ ኤርትራ ሲኮበልልም የተነገረው ስለ ከዳተኛ አብራሪ ብቻ ነበር። አብራሪ የሚኮበልልበት ተቋም ውስጥ ምን ጎደለ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ጥቅምት 2014 መጣ። የትግራይ ኃይሎች ወደ መሐል አገር ሲገፉ መከላከያ የቀድሞ ወታደሮች እስከ ኅዳር 15 እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። ጥሪው በቴሌቪዥን ተነገረ፤ በየወረዳው ተሰማ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ በሦስተኛ መንግሥት፣ ያው ትዕይንት። ተጠባባቂ ኃይል ያለው አገር እሳቱ ደጃፉ ሲደርስ በማስታወቂያ ሰው አይፈልግም። መዝገቡን ይከፍታል፤ ስም ይጠራል።

🔹 ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ተጠባባቂ የሚለው ቃል በአዋጅ ላይ መኖሩ ብቻውን ምንም አይደለም። ስም ዝርዝር፣ አድራሻ፣ የጤና ምርመራ፣ የበረራ ሰዓት፣ በጀት ያለው ጓድ ይቋቋም። ወረቀት አይበርም።

ሁለተኛ፣ በጦር ጀት አይጀመር። በትራንስፖርት አውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ይጀመር። በ1977 ረሃብ ጊዜ ለወገን እህል ካመላለሱት መካከል የእንግሊዝ አየር ኃይል ሲ-130 አውሮፕላኖች ነበሩ። በ2012 እና በ2013 የበረሃ አንበጣ ሰብል ሲያወድም የርጭት አውሮፕላን እጥረት ገበሬውን በቆርቆሮና በጅራፍ አስቀርቶታል። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የሰደድ እሳት በየዓመቱ ይመጣሉ። በሰላም ጊዜ እህልና ሐኪም የሚያደርስ ተጠባባቂ ጓድ ሕዝብ የሚወደው ጓድ ይሆናል። ሕዝብ የወደደውን ጓድ ደግሞ የሚቀጥለው መንግሥት በቀላሉ አይበትነውም።

ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ ትልቁ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ የራሱ ማሠልጠኛ አለው። ከአየር ኃይል በክብር የሚሰናበት ባለሙያ እዚያ እንጀራውን እየበላ ለአገሩ በመዝገብ የሚቆይበት ውል መፍጠር ከባድ አይደለም። የሚጎድለው ፈቃድ ነው።

አራተኛ፣ ተጠያቂነት በስም እንጂ በጅምላ አይሁን። ወንጀል የሠራ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ ያልሠራው በትውልዱ፣ በሠለጠነበት ዘመን ወይም ባገለገለው መንግሥት አይመዘን። ይህ ለደርግ ዘመን አብራሪም፣ ለትግራይ ተወላጁ መኮንንም፣ ነገ ለዛሬዎቹም ይሠራል። የዛሬው ባለሥልጣን ልብ ይበል፦ ነገ «የቀድሞው ሠራዊት» የሚባለው ዛሬ በፊቱ ሰላምታ የሚሰጠው ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ይቀድማል። ተጠባባቂ ጓድ የሚቆመው በእምነት ላይ ነው። ሐኪሙ ክሊኒኩን፣ መምህሩ ክፍሉን ትቶ ጥሪ የሚቀበለው አገር ከኋላው እንዳለች ሲያምን ነው። ቢቆስል ታሳክመኛለች፣ ብሞት ልጆቼን ታሳድጋለች፣ ብማረክ ትጠይቅልኛለች ብሎ ነው። ይህ ቃል ከሌለ አዋጁም፣ በጀቱም፣ አውሮፕላኑም ብረት ነው።

በ1993 የአልጀርሱ ስምምነት ተፈረመ። በ1994 እና በ1995 የጦር ምርኮኞች ተለዋወጡ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ግን ከተመለሱት መካከል አልነበሩም። ሐምሌ 1 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ አበባ ተበተነ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ሕዝብ አለቀሰ። ያ ማረፊያ በ1990 ጀቶቹ የተላኩበት ነው። ከዚያ ወዲያም ኮሎኔሉ የት እንደደረሱ በይፋ የተነገረ ነገር የለም።

ሁለት መንግሥታት ሁለት ጊዜ ላኳቸው። ሦስተኛው ደጃፍ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ነገ አራተኛ ጥሪ ሲመጣ፣ ልጁን አቅፎ ቴሌቪዥን የሚያይ አንድ የቀድሞ አብራሪ ማስታወቂያውን ይሰማል። ከመነሳቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ ደመወዙ አይደለም፤ ስለ አውሮፕላኑ ዓይነትም አይደለም። «በዛብህስ?» ይላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ተጠባባቂ ጓድ አቋቁማለሁ የሚል መንግሥት ካለ፣ መጀመሪያ ያንን ስም ጠርቶ ይጀምር።